በሬዲዮ የታሰረው ኒካህ

ሥራዬን የጀመርኩት በጠፉ አህዮች ነው። ያኔ የሐረር ማዘጋጃ ቤት ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ከአንድ ምሰሶ ጫፍ ድምፅ ማጉያ ሰቅሎ ነበር። ከሰዓት በኋላ የአዲስ አበባን ዜና ከሬዲዮ እየተቀበለ ለአደባባዩ ያሰማል፤ ዜናው ሲያልቅ የከተማው ማስታወቂያ ይነበባል። የማነበው እኔ ነበርኩ። ደንቡ የአህያውን መልክና የጠፋበትን ሰፈር ተናግሮ ዝም ማለት ነው፤ ለእኔ ደግሞ ዝም ማለት አልተፈጠረልኝም። "ጸባየ ሸጋ፣ ጭነት የማይመርጥ፣ ሽማግሌ ሲያልፍ መንገድ የሚለቅ" እያልኩ ከራሴ እጨምርበታለሁ። አንድ ጊዜ እንዲህ ያሞገስኩትን አህያ የኔ ነው የሚሉ ሦስት ሰዎች መጡ። እውነተኛው ባለቤት አህያው ሲቀርብለት ዞር ዞር ብሎ አየውና፣ የተነበበው ከዚህ ይሻላል፣ እሱን ስጡኝ እያለ ጸሐፊውን ሲያስቸግር ዋለ።

ከሐረር በር ወጣ ብሎ የሬዲዮ ጣቢያ ሲከፈት እኔን ያስጠራኝ ይኸው ዝና ነው። የጁገል፣ የግንቡ ውስጥ ልጅ ነኝ፤ ቤታችን የሚነገረው የራሳችን ቋንቋ ነው፤ አማርኛውን የለቀምኩት ከትምህርት ቤትና ከአዲስ አበባ ዜና አንባቢዎች አፍ ነው። እናቴ ከማነበው ግማሹ አይገባትም ነበር። ግን ሬዲዮ በከፈቱ ቁጥር ለጎረቤቶቿ፣ ዛሬ ምሳውን በደንብ በልቷል፣ ድምፁ ያስታውቃል ትላቸዋለች። ጣቢያው ዜና ከማንበብ ሌላ በየሳምንቱ ድራማ ያቀርብ ነበር፤ መቅረጫ ክሩ ውድና ጥቂት ስለሆነ ድራማው በቀጥታ ነው የሚተላለፈው። የፈረስ ኮቴ በሁለት ቅል ስባሪ እናስመስላለን፤ ዝናብ ስንፈልግ ጤፍ በወንፊት እንነፋለን። ድምፄ ሻካራ ቢጤ ስለሆነ ክፉ ሰው በተጻፈ ቁጥር ለእኔ ይደርሰኛል።

መዘዙ የመጣው ከዚህ ነው። የጫት ሌባ ሆኜ በተጫወትኩ ማግስት ከድሬ ጠያራ የመጡት ገበሬዎች እኔ ሳልፍ እስራቸውን በፎጣ መሸፈን ጀመሩ። እናቱን ከቤት የሚያባርር ልጅ የሆንኩ ጊዜ ደግሞ የሰፈራችን ሴቶች ሰላምታዬን አልመልስ ብለው ሰነበቱ፤ የገዛ እናቴ ወጥታ፣ ኧረ አላባረረኝም ብላ እስክታስተባብል ድረስ። እኔም እኩይነቴ እንዲህ መታመኑ ውስጥ ውስጡን ደስ ይለኝ ነበር። ሲያልፍ ዕቃ የማይሸሸግበት ሌባ ምን ተዋናይ ይባላል?

ደስታዬ ያበቃው ሽማግሌ የላክሁ ቀን ነው።

ልጅቷን ያወቅኋት ገና ከአህዮቹ ጋር ሳለሁ ነው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ በማዘጋጃ ቤቱ መስኮት ብቅ አለችና የአባቷ ወስፌ ፈረስ መጋላ ላይ እንደወደቀባቸው አስመዘገበች። ልትሄድ ዞር ካለች በኋላ ተመልሳ፣ "እባክህ አታሞግሰው፤ ወስፌ ነው" አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲያ ማይክሮፎን ፊት በተቀመጥኩ ቁጥር የማነበው ለእሷ ነበር። አባቷ መጽሐፍ ጠራዥ ነበሩ፤ ቁርአን በቀይ ቆዳ የሚደጉሱ፣ በእጃቸው ሲሰፉ ከንፈራቸው ያለድምፅ የሚቀራ። ቁርአኑን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ይዘውታል። በረመዳን ሌሊት ሰላት ላይ ኢማሙ አንዲት አናባቢ ቢስት ከኋላ ሆነው የሚያርሙት እሳቸው ናቸው።

ሽማግሌዎቹን በወግ ተቀብለው፣ አብልተው፣ እንዲህ አሏቸው፦ "ባለፈው ሳምንት ሌባ ነበር። ከዚያ በፊት ሰካራም። እናቱን ሲያባርርም ሰምቼዋለሁ። የትኛው ነው ልጄን የሚያገባት?" ይህ ሳይበቃቸው መሐላ ጨመሩበት። ሥራው ሌላ ሰው መሆን ለሆነ ሰው ልጄን አልሰጥም፣ ወላሂ አሉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ይህን ሲነግረኝ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ነበር። ሌላው ግን አዘነልኝና፣ ሰውየው "የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ" የሚሉ ዓይነት ናቸው፣ ተስፋህን ቁረጥ አለኝ። ብዙ ቀን እህል አልቀመስ አለኝ። ሌባ ስሆን ያጨበጨበልኝ ከተማ እኔን ራሴን ምን ብሎ ያጨብጭብልኝ ብዬ አምርሬ አዘንኩ።

ብዙም ሳይቆይ ድሬዳዋ ያለ የጨርቅ ነጋዴ፣ በሩቅ የሚዛመዳቸው፣ ሽማግሌ ልኮ ልጅቷን ጠየቀ። አባትየው እሺም እምቢም ሳይሉ ከረመዳን በኋላ ኑ አሏቸው፤ በእኛ አገር ይህ የእሺ ታላቅ ወንድም ነው። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት። ፈረስ መጋላን ሳቋርጥ ከፊቴ እየሄደች፣ ሳትዞር ነገረችኝ። ምን ይሻላል ብላት፣ "አፈኛው አንተ ነህ" አለችና በቀጭኗ መንገድ ታጥፋ ሄደች። አፍ ዳገት አይፈራም ይባላል፤ የእኔ አፍ ግን የዚያን ሰውዬ ደጃፍ ሜዳውንም ይፈራ ነበር።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ሆነ። ከረመዳን በፊት ባለው በሻዕባን ወር አንድ የአዲስ አበባ ሰው የጻፈው፣ የሐረር ሠርግ ያለበት ድራማ ተላከልን። ጸሐፊው ሐረርን በካርታ እንኳ ያያት አይመስለኝም። ሙሽራዪቱን እናቷ ትድራለች፤ ምስክር የለ፣ ለሙሽራዪቱ የሚሰጥ መህር የለ፣ ሼሁ ገና ሳይናገር እልልታው ይቀልጣል። እኛም እንደተጻፈው አነበብነው። በማግስቱ ጠራዡ ጃንጥላቸውን እንደ ጎራዴ ይዘው ጣቢያው ድረስ መጡ። ኃላፊያችን ከሸዋ የመጣ፣ ክስና አቤቱታ የሚፈራ ጨዋ ሰው ነበር። እሳቸው ቆመው ስህተቱን አንድ በአንድ ዘረዘሩለት፤ በዚህ ዓይነት የተጋባ ሰው ልጁ የማን እንደሚሆን ጠየቁት። ኃላፊው ላብ በላብ ሆኖ፣ በሚቀጥለው ክፍል የሙሽራዪቱ ታናሽ እህት ስለምታገባ እርስዎ ራስዎ አባት ሆነው በትክክል ያሰሙልን ብሎ ለመናቸው። እምቢ ይላሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ትንሽ አሰቡና እሺ፣ ግን ግዴታ አለኝ አሉ።

ግዴታቸው ሁለት ነበር። የመጀመሪያው የሙሽራዪቱ ስም በጁገል ውስጥ ማንም ሴት የማትጠራበት ስም እንዲሆን ነው። ምክንያቱንም አስረዱ፦ "ሦስት ነገር ቀልዱም ቁምነገር ነው ተብሏል፤ ጋብቻ፣ ፍቺ፣ የፈቷትን መመለስ። አባት የልጁን ስም ጠርቶ፣ ወንዱ ተቀብያለሁ ካለ፣ እየሳቁ ቢሆንም ታስሯል።" ሁለተኛው፣ የኒካሁን፣ ጋብቻው የሚታሰርበትን፣ ቃል ለልምምድ አልደጋግመውም፣ በዕለቱ አንዴ ብቻ እለዋለሁ አሉ። ኃላፊው ሁሉንም እሺ አለና ከየት እንዳመጣው የማላውቀውን ስም ለሙሽራዪቱ ሰጣት። ሙሽራው ማን ነው ብለው ሲጠይቁ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ጠራዡ ብል የበላው ወረቀት እንደሚያዩ አዩኝ። እኔ ግን እውነት ለመናገር ደስ አለኝ፤ በአንድ ክፍል ውስጥ አብረን ስንቀመጥ ምናልባት ሌባ አለመሆኔ ይገባቸዋል ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

ጠራዡ ዐረብኛ እንጂ የአማርኛ ፊደል ስለማያነቡ ጽሑፉን ቤታቸው ወሰዱት። ማታ ማታ እሳቸው ሲሰፉ ልጃቸው እያነበበችላቸው በቃላቸው ያዙት። ልምምድ ላይ ሲመጡ አንድ ፊደል አይስቱም፤ የኒካሁ ቃል ጋ ሲደርሱ ግን እጃቸውን አንስተው "እዚህ ላይ እለዋለሁ" ብለው ያልፉታል። ከጣቢያው ሥርዓት ሁሉ የወደዱት ቀዩን መብራት ነበር። ከስቱዲዮው በር በላይ ያለው መብራት ሲበራ ከተጻፈው ውጭ ማንም አንድ ቃል እንደማይናገር ኃላፊው ሲያስረዳቸው፣ ይህ ለጫት መቃሚያ ቤቶችም ቢገባ ጥሩ ነበር አሉ። ከእኔ ጋር ግን ከተጻፈው ውጭ አንድ ቃል አልተነጋገሩም፤ መብራቱ በራም ጠፋም።

የዕለቱ ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከመግሪብ ሰላት በፊት ተሰበሰብን። የጋብቻው ምስክሮች ሆነው የሚጫወቱት አንድ ልብስ ሰፊና አንድ መምህር ነበሩ። ልብስ ሰፊው የሰፈራችን ሙስሊም ነው፤ መምህሩ ከጎጃም የመጣ ክርስቲያን ሲሆን "ቢስሚላህ" ሲል ግን ከሁላችንም ያምር ነበር። ሊጀመር ትንሽ ሲቀር ጠራዡ ተነሥተው በሩን ከፈቱ። ውጭ የጣቢያው ዘበኛ፣ የሶፊ መንደር ገበሬ የነበሩ ሽማግሌ፣ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። "ይግቡ፣ ብርድ ነው" አሏቸው። ሸሚዜ በላብ ከጀርባዬ ተጣብቆ ስለነበር ብርዱ የቱ ጋ እንዳለ ገረመኝ። ኃላፊው በመስታወቱ ማዶ ሆኖ ፊቱን አጨማደደ፤ ግን ጊዜ አልነበረም፤ መብራቱ በራ።

ድራማው እንደ ወጉ ሄደ። ቅሉ ኮቴ ሆነ፣ እንግዶች ገቡ፣ ተቀመጡ። ጠራዡ ማይክሮፎኑን ሳይሆን እኔን ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ ቁርአን በሚቀሩበት ድምፅ፣ ልጄን እገሊትን በቀይ ቆዳ በተደጎሰ ቁርአን መህር ለአንተ ድሬያለሁ አሉ። እገሊት ያልኩት እኔ ነኝ። እሳቸው የጠሩት ስም የገዛ ልጃቸውን ስም፣ ከነአባት ስሟ ነው።

ወረቀቴን አየሁ፤ ሌላ ስም ነው የተጻፈው። ሰውየውን አየሁ፤ ዓይናቸው አልተነቀነቀም። ልብስ ሰፊው አፉን ከፍቶ ቀረ። በሬዲዮ ዝምታ ከስድብ የከፋ ነውር ነው፤ አንድ ነገር መናገር ነበረብኝ፤ የተጻፈልኝ ደግሞ አንድ ቃል ብቻ ነበር። "ተቀብያለሁ" አልኩ። ማይክሮፎን ፊት ቁጭ ብዬ ራሴን ሆኜ የተናገርኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከኋላ ዘበኛው ሳሉ።

ፈረስ መጋላ በድምፅ ማጉያው ይህን ሁሉ ሰምቷል። በሐረር በር ስገባ ሰው በሙሉ ቆሞ ጠበቀኝ። ጫት ሻጮቹ እስራቸውን መሸፈን ትተው መብሩክ አሉኝ፤ አንዷ እንዲያውም የዛሬው ሌብነትህ ይለያል ብላ ሳቀች። ቤቴ ስደርስ እናቴ ከጎረቤት ሰምታ፣ ምን አድርገህ ነው እያለች ታለቅስ ነበር። ጠራዡ ግን ከስቱዲዮው ወጥተው ማንንም ሳያናግሩ ነበር የሄዱት። ይክዱታል ወይስ ያጸድቁታል? ማንም አላወቀም። የድሬዳዋ ሰዎች ወሬው ሲደርሳቸው በማግስቱ በጠዋት መኪና መጥተው ጉዳዩ ለሸሪዓው ዳኛ፣ ለቃዲው ቀረበ።

ቃዲው ነገሩን ከጎረቤት ሬዲዮ እንዳጋጣሚ እንደሰሙት ተናገሩ። የጎረቤታቸው ሬዲዮ ለምን በእሳቸው መስኮት ላይ እንደሚቀመጥ የሚያውቅ ሁሉ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ነገሩን በሥርዓቱ አጣሩ። የዳረው አባት ነው? ነው። የሙሽራዪቱ ስም ተጠርቷል? ተጠርቷል። ወንዱ ተቀብሏል? መላው ሐረር ሰምቶታል። ምስክሮቹስ? ልብስ ሰፊው ቀረበ። መምህሩ ሲቀርብ ቃዲው በትሕትና፣ ጆሮህ ደህና ነው ልጄ፣ ግን ለዚህ ሙስሊም ያስፈልገናል አሉት። በሩ ላይ የተሰበሰቡት የፈረስ መጋላ ሰዎች ሁላችንም ምስክር ነን ብለው ጮኹ። ቃዲው፣ ምስክር እዚያው መቀመጫው ላይ የተገኘ ነው፣ በሽቦ የመጣ አይደለም አሉ። አንድ ምስክር ጎደለ። የድሬዳዋው ነጋዴ ጋቢውን አስተካከለ። የእሷን ስም አገር ሰምቶት፣ ተቀብያለሁ ብዬ፣ በአንድ ሰው ጉድለት ላጣት ነው።

ቃዲው ዓይናቸውን ጨፈኑና፣ "ተቀብያለሁ ከተባለ በኋላ አንድ ሳል ሰምቻለሁ። የማን ነው?" አሉ።

የጣቢያው ኃላፊ ቶሎ ብሎ፣ ጥፋቱ የዘበኛው ነው፣ እኛም ልንቀጣው ነው አለ። ዘበኛው ከደጅ ተጠርተው ገቡ። ሥራቸውን የሚያጡ መስሏቸው ነበርና ድምፃቸው ሰለለ፤ "ወላሂ በራሴ አልገባሁም። እሳቸው ናቸው ብርድ ነው ይግቡ ያሉኝ" ብለው ጠራዡን አመለከቱ። ቃዲው ከኪሳቸው መሐረብ አውጥተው ግንባራቸውን ጠረጉ፤ ያ ሳምንት ዝንብ እንኳ ጥላ የፈለገበት ሳምንት ነበር። ከዚያ ወደ ጠራዡ ዞረው፣ በወረቀቱ ላይ ያለው ስም ሌላ ነው፣ ይህ ስም እንዴት ሊመጣ ቻለ ብለው ጠየቋቸው።

ጠራዡ ጃንጥላቸውን መሬት ላይ ተከሉ። "ስም ተምታታብኝ" አሉ። "እርጅና ነው።"

ማንም አልሳቀም። እኒያ ሰው በሕይወታቸው አንዲት አናባቢ ተምታታባቸው ብሎ የሚያምን በዚያ ቤት አንድም አልነበረም፤ ዘበኛው እንኳ ቀና ብለው አዩአቸው። ከብዙ ተዋናይ ጋር ሠርቻለሁ፤ የትም ይሁን የት እንደዚያች አምራ የተነገረች ቃል አልሰማሁም። ቃዲው ጢማቸውን ዳበሱና የሰው ልጅ ረሺ ነው፣ አላህ የማይረሳ አሉ። ዘበኛው ሙስሊም ናቸውና ሁለተኛው ምስክር ተገኝቷል፣ ኒካሁም ጸንቷል ብለው ፈረዱ። ሙሽራው ባይፈልግ ግን አንድ የፍቺ ቃል ይበቃል ብለው ወደ እኔ ሲያዩ፣ እኔ የተጻፈልኝን ብቻ ነው የማነበው አልኳቸው። ልጅቷን እንዲጠይቁ የተላኩት ሴቶች ተመልሰው ዝም አለች፣ ዝምታዋም ፈቃዷ ነው አሉ፤ አንዷ ጨምራ፣ ፀጉሯን ግን ከጠዋት ጀምሮ ተሠርታ ነው የቆየችን ብላ ተናገረች።

የቀረው የጠራዡ መሐላ ነገር ነበር። ስለፈረሰው መሐላ ዐሥር ድኾች ይመገቡ ተባለ፤ ጠራዡም ድኻ ፍለጋ ሩቅ አልሄዱም፤ የጣቢያውን ተዋናዮች ጠሩ። ቃዲው ይበቃል ወይ ሲባሉ የተዋናይን ኑሮ አጣርተው ይበቃል አሉ። የተናገሩት ጠፋ እንጂ የወለዷት አልጠፋችም። የድሬዳዋዎቹም ሊቀየሙ አልቻሉም፤ ሸሪዓ የቋጠረውን ማን ይፈታዋል? መህሩ ደግሞ የእኔ ዕዳ ነበርና በቀይ ቆዳ የተደጎሰ ቁርአን ላሠራ ወደ ከተማው ብቸኛ ጠራዥ ሄድኩ፤ እሳቸው ዘንድ። ወረፋ ጠብቅ አሉኝ።

ያን ዕለት ከቃዲው ዘንድ ስንወጣ ግን በር ላይ ደረስኩባቸው። ሽማግሌዎቼን የመለሱበት ቃል ሆዴ ውስጥ ነበርና ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ "የትኛው እርስዎ ነዎት የዳሩኝ?" አልኳቸው። ወደኋላ ዞር ብለው አዩ። የቃዲው በር ክፍት ነው፤ የድሬዳዋው ነጋዴም ገና ጫማውን እያጠለቀ ነው።

"ዝም በል" አሉኝ። "ቀዩ መብራት ገና አልጠፋም።"

ከዚያ በኋላ መንግሥት እስኪለወጥ ድረስ በዚያው ጣቢያ አነበብኩ፣ ሌባም ሰካራምም ሆንኩ፤ አማቴ አንድም ሳምንት ሳያልፋቸው ያዳምጡኝ ነበር፤ ስለዚያ ቀን ግን አንድ ቃል አልወጣቸውም። ምስጢሩን የነገረችኝ ባለቤቴ ናት። በእኛ ከተማ ሴት ልጅ ለአባቷ ለእገሌ ስጡኝ አትልም፤ ምላሷ አይታዘዝላትም። ስለዚህ በመጨረሻው ማታ ጽሑፉን ስታነብላቸው፣ የሙሽራዪቱ ስም ጋ ስትደርስ የራሷን ስም አነበበች። የአባቷ ወስፌ ቆዳው ላይ ቆመ። በጥፊ የሚሏት መስሏት አንገቷን ደፍታ ጠበቀች። እሳቸው ግን፣ "ድገሚው" አሏት።

ደገመችው። ክሩን ጎትተው አጠበቁ፣ በጥርሳቸው ቆረጡት።

"በቃ" አሉ። "ይዤዋለሁ።"